ዩኒቨርሲቲ ልትወዳደሪ ነው? የሥራ ልምድ ወረቀትሽን ቀድመሽ አንብቢው

የሞጣዋ እህቴ፣ «አካውንቲንግ ተመርቄ በግል ድርጅት ሠርቻለሁ፤ በዩኒቨርሲቲ ለአስተዳደር ሠራተኛነት ወይም ለመምህርነት ለመወዳደር ምን ላሟላ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ዲግሪና ስቱደንት ኮፒ ያዢ ብዬ አላደክምሽም።

1. የትኛውን እንደምትፈልጊ ለዪ። በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር የሚጀመረው በረዳት ምሩቅነት ነው፤ እዚያ የሚታየው የትምህርት ውጤትሽ ነው። ሌክቸረር ለመሆን ማስተርስ ይጠየቃል፤ ሰው ፊት ቆመሽ አስተምሪ ሊሉሽም ይችላሉ። ለአስተዳደር ግን ወሳኙ የሥራ ልምድ ነው። እንደኔ ከሆንሽ፣ ነሽም መሰለኝ፣ የሚያዋጣሽ ይሄ ነው።

2. ልምዱ ከግል ድርጅት ከሆነ ማስታወቂያው ግርጌ ላይ ያለችውን መስመር እንዳትዘያት። «የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ» ትላለች። እኔን ያቃጠለችኝ እሷ ናት።

ግብሩ ከደመወዜ በየወሩ ይቆረጥ ነበር። ደብዳቤዬም አምሮ ተጽፏል፤ «በታማኝነትና በትጋት» ምናምን። መዝጋቢዋ ጣቷን በየመስመሩ አስኬደችና ማኅተሙ ላይ ስትደርስ «ግብር የሚለው የታለ?» አለችኝ። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ፋይሌን በመስኮቱ መልሳ ገፋችው። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ስሮጥ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ «ጥለኸን ሄደህ አሁን ደብዳቤ?» ብሎ አላገጠብኝ። ነገ ና፣ ማኅተም ያዧ የለችም፣ ስብሰባ ነን። በዚህ መሀል ምዝገባው ተዘጋ።

ለካ ነገሩ ወዲህ ነው። ገቢዎች ሄጄ ሳስፈትሽ፣ ድርጅቱ ባስገባው ፔሮል (የሠራተኞች ደመወዝ ዝርዝር) ላይ በአንዳንድ ወራት ስሜ የለም። ከኔ ቆርጠው ለመንግሥት አላስገቡም! ደብዳቤውን የፈሩት ለዚህ ነበር። ገቢዎች ያለችው ባለሙያ ግን፣ እግዜር ይስጣት፣ የተከፈለበትን ጊዜ ለይታ ማስረጃ ጻፈችልኝ። እሱ ብቻውን ለሚቀጥለው ማስታወቂያ በቃኝ። የጽሑፍ ፈተናውንም አንደኛ ወጣሁ። ዛሬ ያቺ መዝጋቢ ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ ቀድማ ሰላም የምትለኝ እሷ ናት።

ስለዚህ ማስታወቂያ ሳትጠብቂ ገቢዎች ሄደሽ ስምሽን አስፈትሺ። ደብዳቤሽ የሥራ መደቡን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራሽ፣ ደመወዝሽንና ግብሩን ይጥቀስ። ከምረቃ በፊት የሠራሽውን ደግሞ ላይቆጥሩልሽ ይችላሉ፤ በዲግሪ ለሚጠየቅ መደብ የሚያዩት አብዛኛውን ጊዜ ከዲግሪው በኋላ ያለውን ነው።

3. ማስታወቂያ በኩር ጋዜጣ ላይም፣ የየግቢው ሰሌዳ ላይም ይወጣል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲን ብቻ አትጠብቂ፤ እንጅባራም ባሕር ዳርም አሉ። የምዝገባ ቀኑ አጭር ስለሆነ ዋናውንም ኮፒውንም አዘጋጅተሽ ተቀመጪ።

ደብዳቤ አንጽፍም ካሉሽ በውስጥ መስመር አውሪኝ። ገቢዎች ያስገባሁትን ማመልከቻ ስሙን ደልዤ ፎቶውን እልክልሻለሁ።