ቡናማው ሁሉ አንድ አይደለም

ኮምቦልቻ ያለኸው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 120 ሊትር የሚይዝ የጨው ውኃ አኳሪየም አለህ፤ አራተኛ ወሩን ይዟል። ሁለት ክላውንፊሽና ስድስት ቀንድ አውጣዎች ነበሩህ፤ ከቀንድ አውጣዎቹ ሦስቱ ሞቱ። አሸዋውንና ድንጋዩን አረፋ ያዘለ ቡናማ ልጋግ ለበሰው። የአልጌ ምግብ የሆኑት ናይትሬቱም ፎስፌቱም ዜሮ ናቸው፤ በየሳምንቱ ሲሶውን ውኃ ትቀይራለህ፤ ፎስፌት የሚመጥ ማጣሪያም ጨምረሃል። «ጋሼ፣ አልጌውን የሚገድል የትኛውን መድኃኒት ልግዛ?» ነው ያልከው።

ለጊዜው ምንም አትግዛ። እኔ ደሴ ላይ የጨው ውኃ ገንዳ ይዤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ በእነዚህ ዓመታት ብዙ ጉዳት ያደረሰብኝ አልጌው ሳይሆን አልጌውን ለማጥፋት የተጣደፍኩት ጥድፊያ ነው። መማሪያ መጽሐፍ ዋቅላሚ ይለዋል፤ እኛ ገንዳ ያለን ሰዎች ግን አልጌ እያልን ከምንረግመው ውስጥ አልጌ ያልሆነም አለበት። ቡናማ መስሎ የሚመጣው ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው፤ አንዱን የሚያጠፋው ለሌላው ቀለብ ይሆናል።

የመጀመሪያው ዳያተም ነው፤ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ። አዲስ ገንዳ አብዛኛውን ጊዜ ያልፍበታል። ቡና ሲወቀጥ ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀረው ብናኝ መስታወቱ ላይ ይቀመጣል፤ በጣት ሲያብሱት ይነሳል፤ ክር የለውም። ቅርፊቱን የሚሠራው ከሲሊካ ስለሆነ ሲሊኬት ሲያልቅበት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሱ ይመነምናል። አልሄድ ካለ ውኃህን መርምር።

ስለ ውኃ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ጣጣ ወደ ገንዳው የሚገባው በጀሪካን ነውና። የቧንቧው ውኃ ለሻይ ጥሩ ነው፤ በማንቆርቆሪያዬ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ካየሁ በኋላ ግን ለገንዳው ትቼዋለሁ። ሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ (ውኃን በስስ ገለፈት አሳልፎ የሟሟበትን የሚያስቀር) ከሌለህ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውኃ ይሠራል፤ ነገር ግን አሲዱም እዚያው መደርደሪያ ላይ በተመሳሳይ ጀሪካን ሊቀመጥ ስለሚችል ጽሑፉን አንብብ፤ ማሸጊያው የተከፈተ አትቀበል። አንድ ክረምት ደግሞ «ሰማዩ በነጻ እየሰጠኝ» ብዬ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ዝናብ አጠራቅሜ ነበር። ቆርቆሮ የሚለበጠው በዚንክ ነው፤ ዚንክ ለቀንድ አውጣና ለሽሪምፕ መርዝ ነው። ሁለት ሽሪምፖቼ በአንድ ሳምንት ውስጥ አለቁ። የጣሪያ ውኃ ለልብስ ማጠቢያ ይሁን። የወጥ ጨውም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ማግኒዚየሙና ካልሲየሙ በባሕር ልክ የለበትም። ለገንዳ የተዘጋጀውን ጨው እኔ የማገኘው ዱባይ ከሚመላለሱ ዘመዶቼ ሻንጣ ነው፤ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይዞ የውኃን ጥግግት በሚለካው ሃይድሮሜትር 1.025 አካባቢ ማንበብ አለበት።

ሁለተኛው ሳይያኖባክቴሪያ ነው፤ አልጌ ይምሰል እንጂ ባክቴሪያ ነው። ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ሲሆን አንዳንዴ ወደ ቡናማ ያደላል። የሚለየው በአነሳሱ ነው፤ በቱቦ ጫፍ ስትነካው እንደ ወተት ስልባቦት በአንድ ቁራጭ ይገፈፋል። ቀይ ባሕር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ወገን ከሆነ ፍጥረት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ጀርመናዊው ኤረንበርግ እ.ኤ.አ. በ1823 ሲና ውስጥ ኤል ቶር ላይ ውኃውን ሲያቀላ ተመልክቶ በኋላ ትራይኮዴስሚየም የሚል ስም አወጣለት። በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ጫፍ ላይ ተቀምጠን ቀይ ባሕርን በመስታወት ሣጥን ለመሥራት መታገላችን አንዳንዴ ያስቀኛል። የገንዳው ሳይያኖ ውኃ የማይንቀሳቀስበትን ጥግና የምግብ ፍርፋሪ የሚጠራቀምበትን አሸዋ ይወዳል። ፓምፑን ወደዚያ አዙር፤ በቱቦ እየመጠጥክ አውጣው፤ ምግብ ቀንስ። ትዕግሥት ካለህ ይበቃዋል።

እኔ ትዕግሥት አልነበረኝም። በሁለተኛ ዓመቴ ከፋርማሲ ኢሪትሮማይሲን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ገዝቼ ጨመርኩ፤ በሁለተኛው ቀን ቀዩ ሁሉ ሲነጣ ድል ያደረግሁ መስሎኝ ተኛሁ። ሌሊት መብራት ጠፋ። የሞተው ልጋግ እየበሰበሰ ኦክስጅኑን ይበላል፤ ፓምፕ የለም፤ በዚያ ላይ ደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ያለች ከተማ ናት፤ ውኃ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ንጋት ላይ ዓሳዎቹ አፋቸውን ከውኃው ፊት ለጥፈው ሲያለከልኩ አገኘኋቸው። መብራት እስኪመጣ ድረስ በጆግ እየቀዳሁ፣ ቡና እንደሚቀዳ ሰው ከፍ አድርጌ እያንቆረቆርኩ ሁለት ሰዓት ቆምኩ። አንዱ አልተረፈም። መድኃኒቱ ይሠራል፤ አልዋሽህም። ግን ቆሻሻ የሚያጠሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ሊጎዳ ይችላል፤ አየር በሌለበት ሌሊት ደግሞ ማንንም አይምርም። ኮምቦልቻ ከእኛ ዝቅ ብትልም ወደ 1,850 ሜትር ነው፤ አንተም ዘንድ ኦክስጅኑ አምስት እጅ ከነበረው አንድ እጁ ይጎድላል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት ግዛ።

ሦስተኛው ዳይኖፍላጀሌት ነው፤ በጅራፍ መሰል ክር የሚዋኝ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት፣ እኛ ባጭሩ ዳይኖ የምንለው። የአንተ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሦስት ነገር አጠራጠረኝ፤ ሁለቱ ዜሮዎች፣ የቀንድ አውጣዎቹ ሞትና አረፋ ያዘለው ክር። አንዳንዶቹ ዝርያዎች መርዝ አላቸው፤ ልጋጉን የበላ ቀንድ አውጣ ይሞታል። ሰው ሁሉ «አልጌን ምግብ ንሳው» ሲል ሰምተህ ናይትሬትና ፎስፌቱን አሟጠጥክ፤ የተራቡት ግን ከዳይኖው ጋር ቦታ የሚሻሙት ሌሎቹ ናቸው፤ ሜዳው ለእሱ ተለቀቀለት።

ለማረጋገጥ ይህን ሞክር። እኩለ ቀን ላይ፣ ልጋጉ ሲወፍር፣ ጥቂቱን ከገንዳው ውኃ ጋር በትልቅ ሲሪንጅ ሳብና ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ አድርገህ ክሩ እስኪበታተን በኃይል ናጠው። በሶፍት አጥልለህ ብርጭቆ ውስጥ አድርግና መብራት ሥር አስቀምጠው። ከአንድ ሰዓት በኋላ የጠራው ውኃ ውስጥ ቡናማ ክሮች እንደገና ተሰብስበው ካየህ ዳይኖ ነው። ሌሎቹ እንዲህ አይሰበሰቡም። ሌሊት መሳሳቱና ቀን መመለሱም ምልክት ነው፤ ግን ሳይያኖም ሊያደርገው ስለሚችል በእሱ ብቻ አትፍረድ።

ዳይኖ ከሆነ እስካሁን የምታደርገውን ገልብጠው። ፎስፌት መምጠጫውን አውጣ። ውኃ መቀየሩን አቁም፤ የተነነውን ብቻ በተጣራ ውኃ ተካ። ለዓሳዎቹ ትንሽ ጨምረህ መግብ፤ ናይትሬቱ በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌቱ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊግራም አካባቢ እስኪደርስና እስኪረጋ ድረስ በየሁለት ቀኑ ለካ። ከዚያ መብራቱን ሦስት ቀን አጥፋና ገንዳውን በጋቢ ሸፍነው፤ የአየር ፓምፑ ግን ለደቂቃም አይቋረጥ። የሚሞተው መርዙን ስለሚለቅ ማጣሪያው ውስጥ መርዝ የሚመጥ ከሰል (አክቲቭ ካርቦን) ጨምር። ቱቦውን በአፍህ ስበህ አታስጀምር! ቤንዚን ከበርሜል እንደምንቀዳው በአፍ መሳብ ለምዶብናል፤ እዚህ የምትውጠው ግን መርዝ ሊሆን ይችላል። ጓንት አድርግ፤ እጅህ ላይ ቁስል ካለ ገንዳውን ለሌላ ሰው ተው። አልትራቫዮሌት መብራት ያለው ማጣሪያ የሚጠቅመው ሌሊት ወደ ውኃው ተነስቶ ለሚንሳፈፈው ዝርያ ነው፤ አሸዋ ውስጥ ለሚደበቀው ከንቱ ወጪ ነው። ስለዚህ ዝርያውን ሳታውቅ እሱንም አትግዛ።

ሳምንታት ይፈጅብሃል። በመካከሉ ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ፀጉር ሲበቅል ብታይ አትደንግጥ፤ ተፎካካሪው ተመለሰ ማለት ነው። እሱን በኋላ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ላይ እንደ ፓስታ እየጠቀለልክ ትነቅለዋለህ። እንደ አተር ፍሬ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ኳስ ካየህ ሳታፈነዳ ከሥሩ አንሳ። ሮዝ ወይም ሐምራዊ ሆኖ እንደ ቀለም ድንጋዩ ላይ የደረቀውን ግን እንዳትነካ፤ ኮራላይን የሚባለው ጥሩው አልጌ ነው። አንድ ጓደኛዬ ቆሻሻ መስሎት በሽቦ ሲፈገፍግ ውሎ ነበር።

ዝርያውን ለመለየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ እኔ የምሠራበት ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ አለ። የእኔን ያየሁት በዚያ ነው። በ400 እጥፍ ሲታይ እያንዳንዱ እንደ ሰሊጥ ፍሬ በአንድ ጫፉ ሾል ያለ ነበር፤ በችካል እንደታሰረ ጥጃ በአንድ ነጥብ ዙሪያ ይሽከረከራል። እንዲህ የሚዞረው ኦስትሬኦፕሲስ ነው፤ ሌሊት የሚንሳፈፈውም እሱ ነው። ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ብትመጣ አብረን እናየዋለን። ናሙናውን ከመነሳትህ በፊት ቅዳ፤ በጨርቅ ጠቅልለህ በኪስህ ያዘው እንጂ በረዶ ውስጥ አታስገባው፤ ከሞተ አይዞርም። ብልቃጡን ደግሞ እስከ አፉ አትሙላው፤ ግማሹ አየር ይሁን።