ዘካህን ሰኔ 30 የምትዘጋው ልጅ፣ አንዴ ስማኝ

ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ሒሳብ ስዘጋ ኖሬ፣ አሁን ፉሪ ጓሮዬ ውስጥ ጎመን አጠጣለሁ። ከመግሪብ በኋላ ግን መስጂዱ በር ላይ አንዳችሁ ሳትይዙኝ አላልፍም። የስልክ መለዋወጫ የሚሸጠው፣ ብሎኬት የሚያመርተው፣ ባጃጅ የገዛው፣ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው። "ጋሼ፣ ዘካዬ ስንት ይሆናል?"

እኔም እጠይቃለሁ። ዓመትህ መቼ ሞላ? ዝም።

ዘካ፣ ሙስሊም ከሀብቱ በየዓመቱ ለድሃ የሚያወጣው ግዴታ፣ 2.5 በመቶ መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከ40 አንድ ማለት ነው። የምትስቱት ዓመቱ ላይ ነው። የዘካ ዓመት በጨረቃ ነው፣ 354 ወይም 355 ቀን። ሰኔ 30 ለገቢዎች የምትዘጉት ደግሞ 365። ታዲያ 11 ቀን ምን አላት? እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። 20 ዓመት ሙሉ ዘካዬን ከመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ጋር አብሬ ሰኔ መጨረሻ ላይ ስዘጋ ኖርኩ፣ ስለሚቀለኝ እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። አንድ ቀን ሻይ ላይ አንድ ሼኽ ይህንን ሰሙና "እስቲ 11ን በ20 አባዛው" አሉኝ። 220። የሰባት ወር የድሃ ሐቅ ኪሴ ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ ባይ! ሻዩን አልጨረስኩትም።

የሂጅራ አቆጣጠር ራሱ ከወረቀት ሥራ ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። ኸሊፋው ዑመር ዘንድ የወሩ ስም ብቻ፣ "ሻዕባን" ተብሎ የተጻፈ ሰነድ ቀርቦ፣ የየትኛው ዓመት ሻዕባን ነው ብለው ተቸገሩ ይባላል። ከዚያ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የመዲና ስደት መነሻ አድርገው መቁጠር ጀመሩ። እኔ ይህቺን ታሪክ ስሰማ የቢሮ ሰው ስለሆንኩ ደስ ይለኛል።

የናንተ ዓመት የሚጀምረው ሀብታችሁ ኒሳብ፣ ማለትም ዘካ ግዴታ የሚሆንበትን ዝቅተኛ መጠን፣ በሞላበት ቀን ነው። ኒሳቡ 85 ግራም ወርቅ ወይም 595 ግራም ብር ነው፣ ብር ስል ማዕድኑን ነው እንጂ ኖቱን አይደለም። በብር ስታሰሉት መነሻው በጣም ዝቅ ይላል፤ ዑለማዎች፣ የሃይማኖቱ ሊቃውንት፣ ይለያያሉ፣ እኔ ግን ለድሃው ስለሚያደላ የብሩን እይዛለሁ። የሱቅ ዕቃ በዛሬ መሸጫ ዋጋ ይቆጠራል። መደርደሪያው አይቆጠርም። የምትሠሩባት ባጃጅም አትቆጠርም፣ ያመጣችውና እጃችሁ ላይ የቆየው ገንዘብ ግን ይቆጠራል። ሰበታ ማዶ ስንዴ ያላችሁ ዓመት አትጠብቁ፣ የእህል ዘካ በአጨዳ ነው፤ በዝናብ ከበቀለ 10 በመቶ፣ ወጪ አውጥታችሁ ካጠጣችሁ 5።

ዱቤ ላይ ነው ጣጣው። አምኖ ሊከፍል የሚችል ሰው ላይ ያላችሁ ገንዘብ፣ ብዙ ዑለማዎች ዘንድ የእናንተው ሀብት ነው። ግን ስንት ነው? ብሎኬት አምራቹን ስጠይቀው "ጭንቅላቴ ውስጥ አለ" አለኝ። ወንድሜ፣ የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ እኮ፣ የአል-በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍ ነው! ትንሽም ትልቅም ትሁን መጻፉ አይሰልቻችሁ ይላል።

ትናንት ደብተር ይዞ መጣ። አናቱ ላይ "ረጀብ 9" ብሎ ዓመቱን ጽፏል፣ ከሥሩ የ14 ሰው ዱቤ ደርድሯል። ሦስተኛው መስመር ላይ የኔ ስም አለ። ለአጥሬ የወሰድኳት 60 ብሎኬት።