ጀርመንኛዋ «ዶኽ»፦ አዎ ናት፣ እኮ ናት ወይስ እንጂ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ልጆች የሉዎትም?» ብለው በጀርመንኛ ሲጠይቁኝ «ያ» (አዎ) አልኩ። ጠያቂዋ ግራ ተጋባች። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ በአማርኛ አስበህ ነው የመለስከው። እኛ ልጅ ከሌለን «አዎ፣ የሉኝም» እንላለን፤ «አዎ»ው የጠያቂውን ግምት ያጸድቃል። ጀርመንኛ እንዲህ አይሠራም። «ሃበን ዚ ካይነ ኪንደር?» ከተባልክ፣ ከሌሉህ «ናይን» (አይ)፣ ካሉህ «ዶኽ» ነው፤ ልክ «አሉኝ እንጂ!» እንደማለት። «ያ» ካልክ ግን ይኑሩህ አይኑሩህ አይታወቅም። ቅጽ እየተሞላ ከሆነ በአንድ ቃል አታቁም፤ «ዶኽ፣ ኢኽ ሃበ ትስቫይ» (ኧረ ሁለት አሉኝ) ወይም «ናይን፣ ኢኽ ሃበ ካይነ» (የሉኝም) ብለህ ጨርስ። ጥያቄው አሉታ ከሌለበት «ዶኽ» አትገባም፤ «ያ» ይበቃል።

ጥያቄ፦ ዓረፍተ ነገር መሃል ስትገባስ?

መልስ፦ እዚያ ድምፅህን አዳምጥ። «ኤር ኢስት ዶኽ ገኮመን» ስትል «ዶኽ»ን ካጠበቅህባት «አይመጣም ሲባል መጣ» ነው። ሳትጫናት ካለፍካት «መጥቷል እኮ» ትሆናለች፤ ሰሚው ማወቅ የነበረበትን ታስታውሰዋለህ። «ዳስ ቫይስት ዱ ዶኽ» ማለትም «ታውቃለህ እኮ» ነው። መዝገበ ቃላት ላይ «ግን» የሚለውን ብቻ ይዞ የሄደ እዚህ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ አለቃዬ «ዜትሰን ዚ ዚኽ ዶኽ» አለኝ። ተቆጥቶ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ «ይቀመጡ እንጂ» ብሎ ጋብዞሃል። ቁጣውን የሚያመጣው ቃናው ነው፦ «ዛይ ዶኽ ሽቲል!» «ዝም በል እንጂ!» ነው። የእኛም «እንጂ» እኮ ሁለቱንም ታደርጋለች።

ጥያቄ፦ «ዶኽ» «ግን» ስትሆን፣ እሱም «ግን» ከሆነው ከ«አበር» በምን ትለያለች?

መልስ፦ በአብዛኛው የጽሑፍ ቃል ናት፤ በንግግር «አበር» ይቀናል። ሁለት ሐሳብ ስታገናኝ ከፊቷ ኮማ ይግባ። ከኋላዋ ባለቤቱም ግሡም ሊቀድም ይችላል፦ «ኤስ ሬግነተ፣ ዶኽ ቪር ጊንገን» ወይም «ዶኽ ጊንገን ቪር» (ዘነበ፣ እኛ ግን ሄድን)። «አበር» ዓረፍተ ነገሩን ሲጀምር ግን ግሡን አስከትለህ «አበር ጊንገን ቪር» ብትል ስሕተት ነው።

ጥያቄ፦ አነባበቧ «ዶክ» ነው?

መልስ፦ «ኽ» ከጉሮሮ ትውጣ። «ዶክ» ካልክ መርከብ የሚጠገንበት ቦታ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ቪ ሃይስት ኤር ዶኽ ግላይኽ?» ውስጥስ?

መልስ፦ ስሙን ታውቀው ነበር፣ አሁን ጠፋብህ፦ «ስሙ ማን ነበር?»