«ደመደምኩ» ልበል ወይስ «ገመትኩ»?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ እንዴት ናችሁ። እኔ ድሬዳዋ ነኝ መጋዘን ውስጥ ነው ምሰራው። ባለፈው ከጅቡቲ የመጣ ጭነት ስናራግፍ ዶክመንቱ ላይ 40 ካርቶን ይላል እኛ ስንቆጥር 38 ሆነ፣ የመኪናው ማሸጊያ ግን አልተነካም የማሸጊያው ቁጥርም ከዶክመንቱ ጋር አንድ ነው። እኔም ሪፖርቴ ላይ «ዕቃው የጎደለው ከመታሸጉ በፊት ነው ብዬ ደምድሜያለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘውና «አንተ ማን ነህና ትደመድማለህ? ገምቻለሁ በል» አለኝ፣ ልጆቹ ፊት ነው ደሞ አቦ! አብሮኝ የሚሰራው ልጅ ደግሞ «አገናዝቤያለሁ» ብትል ይሻላል ይላል። ትክክሉ የቱ ነው? የእንግሊዝኛው ሪፖርት ላይም «ኢምፕላይ» ብዬ ጽፌ «ኢንፈር» ነው ተብሎ ተቀየረብኝ። (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ወንድሜ ቃሉን አልተሳሳትክም። አለቃህም ግን ልጆች ፊት መናገሩ ነው እንጂ ያስከፋው ዝም ብሎ አይደለም ቀይ ያነሳው፣ እሱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ደመደመን እንየው። ግድግዳ ሲያልቅ አናቱ ላይ የሚደረገውን ማጠናቀቂያ ድምድማት እንለዋለን አይደል፣ ደመደመም የዚያው ዘመድ ነው። ስለዚህ ደመደምኩ ስትል ከስር ያለውን ድንጋይ ደርድሬ ጨርሻለሁ ይሄ የመጨረሻው ነው እያልክ ነው፣ ሰሚው «እስቲ ድንጋዩን አሳየኝ» ቢልህ አይፈረድበትም። ገመተ ሌላ ነገር ነው። ቤት ገማች ሲመጣ ዞር ዞር ብሎ አይቶ ይሄን ያህል ያወጣል ይላል፣ ቢስት ማንም አይገርመውም፣ ግምት ነዋ። አንተ ጋ ግን ዶክመንት አለ ቆጠራ አለ ያልተነካ ማሸጊያ አለ፣ ይሄን ሁሉ ይዘህ ገመትኩ ብትል ራስህን ማሳነስ ነው ባይ ነኝ። ጠረጠርኩ ከማለት ግን ተጠንቀቅ። ጠርጥር ከገንፎ አለ ስንጥር ይባል የለ፣ ጥርጣሬ ውስጥ ሁሌም ክፉ ነገር አለ፣ ሪፖርት ላይ ከገባ አንድ ሰው ሌባ ነው ማለትህ ሆኖ ይነበባል።

የጓደኛህ «አገናዘበ» ጥሩ ቃል ነው ቦታው ግን እዚህ አይደለም። ዶክመንቱን ከቆጠራው አጠገብ አድርገህ ያየህበት ስራ ነው ማገናዘብ፣ ከመደምደም በፊት ይመጣል። «አገናዝቤያለሁ» ብለህ ብታቆም አንባቢው «እና ምን አገኘህ?» ማለቱ አይቀርም። (በነገራችን ላይ መላ መታ የሚለው የሰፈር አባባል ነው ተያይዞ «መላምት» ሆኖ ሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ኮት ለብሶ የገባው፣ እኔ ሁሌ ያስቀኛል።)

የእንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ኢምፕላይ የሚያደርገው ነገሩ ወይ ተናጋሪው ነው፣ ኢንፈር የሚያደርገው ሰሚው ወይ አንባቢው። በእኛ ማሸጊያው ይጠቁማል አንተ ትደመድማለህ። ማሸጊያ አይደመድምም አንተም ጠቋሚ አይደለህም። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበትም ሰዎች ሁለቱን ያቀያይሯቸዋል አትሸማቀቅ።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ እኛ ድሬዎች በቀን ስንቴ እየደመደምን «ደመደምኩ» የሚለውን ቃል አፋችን ላይ አለማድረጋችን ነው። ክረምት ላይ ከሰዓት ጸሐይዋ አናት ትበሳለች ከተማችንን የሚያቋርጠው ወንዝ ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ነው ሰው ይሻገራል ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አንዲት እናት ወደ ደንገጎ ተራራ በኩል ቀና ብላ ጥቁር ነገር ታያለች፣ «ና ውጣ ከዛ! ላይ ሳይዘንብ አልቀረም!» ብላ ትጮሃለች። ከተማው ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም እኮ! ዝናቡን አላየችም አልሰማችም፣ ደመናውንና ውሃው ከላይ እንደሚመጣ የምታውቀውን ገጣጥማ ነው። «ሳይዘንብ አልቀረም» ውስጥ ሁለት አሉታ አለ፣ ሳይዘንብ አንድ፣ አልቀረም ሁለት፣ ተጋጭተው «ዘንቧል» ወደሚለው ሊደርሱ ትንሽ ይቀራቸዋል፣ ያቺ ትንሽ ክፍተት ነች ልትሳሳት የምትችልበት። ብዙም ካልመሰላት «ዘንቦ ይሆናል» ትላለች። ደፍራሹ ውሃ ከሩቅ ከታየ ደግሞ ነገሩ አለቀ፣ «ዘንቧል ማለት ነው»። ሶስቱም ስለ አንድ ዝናብ ነው የሚያወሩት፣ የተለየው ተናጋሪዋ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነች ነው። በ1998 ክረምት ሌሊት ላይ የመጣውን ጎርፍ ያየ ሰው፣ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደብን፣ ይሄን አነጋገር እንደ ሰዋስው አይሰማውም።

ወደ አለቃህ ስመለስ፣ ድንጋዩን ሳታሳየው ድምድማቱን ብቻ ነው የሰጠኸው። ለኛ የጻፍከውን ዝርዝር ሪፖርቱ ላይ አስገብተኸው ነበር? እንዲህ በለው፦ «የማሸጊያው ቁጥር ከዶክመንቱ ጋር አንድ ሆኖ ሳይነካ ስለደረሰ፣ ዕቃውም ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ 38 ስለሆነ፣ የጎደለው ከመታሸጉ በፊት ነው ብዬ ደምድሜያለሁ።» «ድምዳሜ ላይ ደርሻለሁ» እያልክ አታርዝመው እሱ የስብሰባ አማርኛ ነው። ርዕስ ከሰጠኸው ደግሞ የጽሑፉ ማብቂያ ክፍል መደምደሚያ ነው የሚባለው፣ እዛ ውስጥ ያለው ሐሳብህ ነው ድምዳሜ።

ሁለት ጊዜ ያልኩት እኔ ነኝ አንተ አላልክም። አንዴ ብቻ ከሆነ የቆጠራችሁት ሄዳችሁ ድገሙት፣ እስከዛ «ከመታሸጉ በፊት ሳይጎድል አልቀረም» ብለህ ያዘው።