አሥራ ሁለቱን ክላስ ተዪና ሦስቱን ሥሪ

ጥያቄሽን ላሳጥረው። የሶፍትዌር ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። የአርፒጂ (ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ እያሳደገ የሚጫወተው) ጌም ዲዛይነር መሆን ትፈልጊያለሽ። 12 ክላስ (እንደ ባላባትና አስማተኛ ያለ ተጫዋቹ የሚመርጠው የገጸ ባሕርይ ዓይነት) እና 400 መሣሪያና ትጥቅ ያለበት ወፍራም ሰነድ ጽፈሻል። "ይሄን ይዤ ውጭ አገር ላለ ስቱዲዮ ባመለክት ይቀበሉኛል?" ብለሻል።

በሰነዱ ብቻ አይመስለኝም። ሐሳብ አንሶሽ አይደለም፤ እንዲያውም በዝቶብሻል። ቀጣሪ ማየት የሚፈልገው ከዚያ ሁሉ ምኑን እንዳስቀረሽና ለምን እንዳስቀረሽው ነው።

ክላስን እንይ። ዳርክ ሶልስ (እ.ኤ.አ. 2011) በሚባለው ጌም ክላስሽ መነሻሽን ብቻ ነው የሚወስነው። ባላባት ሆነሽ ጀምረሽ አስማተኛ ሆነሽ መጨረስ ትችያለሽ። ዲያብሎ 2 በሚባለው ጌም ግን ባርባሪያን (ጉልበተኛ ተዋጊ) ካልሽ እስከ መጨረሻው ባርባሪያን ነሽ። ሁለቱም ያስኬዳል። ያንቺ ሰነድ የትኛውን እንደመረጠ ግን አይናገርም። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሦስቱ ክላሶችሽ ከስም በቀር በምን እንደሚለያዩ አልገባኝም።

ትጥቅ ላይ ዲያብሎ 3ን አጥኚ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ይህ ጌም ተጫዋቾች ዕቃቸውን በእውነተኛ ገንዘብ ጭምር የሚሸጡበት የጨረታ ቤት ነበረው። ሲሰሙት ምን ችግር አለው ያሰኛል። የጌሙ ጣዕም ግን ጭራቁን ጥሎ "ምን ወጣልኝ?" ብሎ ማየት ነበር። ጥሩ ሰይፍ ከገበያ የሚገዛ ከሆነ ማን ጭራቅ ሲያሳድድ ያመሻል? የጌሙ ሠሪ ብሊዛርድ የጨረታ ቤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 ዘጋው። አንቺም "ገበያ" የሚል ነገር አስገብተሽ በአንድ አንቀጽ አልፈሽዋል!

ዕድገት ላይ ኦብሊቪየን የሚባለው ጌም ነገር ይበቃሻል። አንቺ ስታድጊ ጠላቶችሽም አብረውሽ ያድጋሉ። መጨረሻ ላይ ተራ ሽፍታ ውድ የመስታወት ጥሩር ለብሶ መቶ ወርቅ አምጪ ይልሻል። ያስቃል፤ ግን ታዲያ ለምን አደግሽ?

አሁን ሰነዱን አስቀምጪው። ሦስት ክላስ፣ ጥቂት ዕቃ፣ አሥር ሌቭል ይበቃል። ቁጥሩን መጀመሪያ ኤክሴል ላይ ሥሪው። ለምሳሌ ጠላትሽ 100 ጤና አለው እንበል። በአንድ ምት 10 የሚጎዳ ሰይፍ በ10 ምት ይጥለዋል። ሰይፉን ወደ 11 ብታሳድጊውም ያው 10 ምት ነው። ተጫዋቹ ለፍቶ ያሻሻለው ሰይፍ እጁ ላይ ምንም አልተለወጠም ማለት ነው። 12 ስታደርጊው ወደ 9 ይወርዳል፤ ያኔ ይሰማዋል። የሥራው ትልቁ ክፍል እንዲህ ያለው ነገር ነው፤ አሰልቺ ከመሰለሽ ከወዲሁ ማወቁ ይሻላል።

ከዚያ ጎዶት በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ገንቢው፤ ነፃ ነው። ጓደኞችሽን አጫውቻቸውና አፍሽን ዘግተሽ የት እንደሚደናበሩ እዪ። ምን እንደቀየርሽና ለምን እንደቀየርሽ በሁለት ገጽ ጻፊ። የምትልኪው እሱንና የሚጫወት ጌምሽን ነው።

ለጀማሪ ዲዛይነር የሚከፈት ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ በፕሮግራመርነትና በጌም ፈታሽነትም አመልክቺ፤ ብዙዎች የገቡት በዚያ በር ነው። አገር ቤትም የቅኔ ጌምስን "ኩኩሉ" የመሰሉ የስልክ ጌሞች ተሠርተዋልና የሚሠሩትን ሰዎች ፈልገሽ አነጋግሪ። ዲግሪውን ግን እንዳታቋርጪ።