መልስ፦ አይፖድ ክላሲክ ላይ ዘፈን በስም መፈለግ

ወንድሜ፣ አይፖድ ክላሲክ (የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻ) ኪቦርድ ስለሌለው ዘፈን በስም እንዴት እንደሚፈለግና በድምፅ ይታዘዝ እንደሆነ ጠይቀሃል። ሙዚቃ ውስጥ ገብተህ ሰርች የሚለውን ምረጥ። ፊደሎች ተደርድረው ይመጡልሃል፤ ከስክሪኑ በታች ያለችውን ክብ መዞሪያ በጣትህ እያዞርክ የምትፈልገው ላይ ስትደርስ መሃሏን ትጫናለህ። ሙሉ ስሙን መጻፍ የለብህም፣ ከመጀመሪያዋ ፊደል ጀምሮ መፈለግ ይጀምራል። ከተሳሳትክ ወደኋላ መመለሻው ፊደሉን ያጠፋልሃል፣ ወደፊት ማሳለፊያው ደግሞ ክፍት ቦታ ይሰጥሃል (ይሄን እኔ ያወቅኩት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው)። ከዚያ ሜኑን አንዴ ስትጫን የተገኙት ዘፈኖች ዝርዝር ውስጥ ትገባለህ።

ጣጣው የኛ ዘፈኖች ላይ ነው። ስሙ በአማርኛ ፊደል ከተጻፈ በዚህ አታገኘውም። በላቲን ቢጻፍም አንዱ ትዝታን በ"አይ" (Tizita) ሌላው በ"ኢ" (Tezeta) ይጽፈዋል፣ አንተ በአንዱ ስትፈልግ ሌላው ይደበቅብሃል። ኮምፒውተር ላይ አይቲዩንስን (ዘፈን ወደ አይፖድ የሚጫንበትን ፕሮግራም) ከፍተህ ስሞቹን አንድ ዓይነት አድርጋቸው። አሰልቺ ነው፣ ግን አንዴ ነው።

በድምፅ ማዘዙን እርሳው፣ ክላሲክ አይሰማህም። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 160 ጊጋው ላይ ማይክ ያለው ኢርፎን ብትሰካ ድምፅ ይቀዳልሃል፣ በቃ።