«የሙቀት መጠን» ወይስ «መጠነ ሙቀት»?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። የአንድን ብረት ልዩ ሙቀት (አንድ ግራሙን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገውን ሙቀት) በካሎሪሜትር፣ ማለትም በሙቀት መለኪያ ዕቃ፣ ለክተን በጻፍኩት ዘገባ ላይ «በመጨረሻ የብረቱና የውሃው የሙቀት መጠን እኩል ሆነ» የሚለውን መምህሬ በቀይ አስምረውበት «መጠነ ሙቀት» ብለው አረሙት። ሁለቱ አንድ አይደሉምን?

መልስ፦ በሰዋስው ካየነው አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው በአማርኛው «የ»፣ ሁለተኛው በግእዙ የዘርፍ አያያዝ ተናበበ እንጂ ቃላቱ ያው ናቸው። «የዛሬው የሙቀት መጠን 24 ዲግሪ ነው» ቢባልም የሚሳሳት አድማጭ የለም። በካሎሪሜትር ሥራ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ጎን ለጎን ስለሚለኩ፣ «የሙቀት መጠን» የሚለው ሐረግ «ምን ያህል ሙቀት» ተብሎም ሊነበብ ይችላል፤ እርስዎ የጻፉት ዓረፍተ ነገር በዚህ ንባብ ስሕተት ይሆናል።

በቁጥር እንየው። እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ የጋለ 200 ግራም ብረት፣ 20 ዲግሪ በሆነ 100 ግራም ውሃ ውስጥ ገብቶ ሁለቱም 32.4 ዲግሪ ላይ ረጉ እንበል። እኩል የሆነው ዲግሪው ብቻ ነው፤ እሱን «መጠነ ሙቀት» እንበለው። ከብረቱ ወደ ውሃው የተላለፈው ደግሞ ሙቀት ነው፤ የሚለካውም በጁል ሲሆን፣ የውሃው 100 ግራም በውሃ ልዩ ሙቀት በ4.18 እና ውሃው በሞቀበት 12.4 ዲግሪ ሲባዛ 5,183 ጁል ያህል ይሆናል። ዕቃው የወሰደውን ካልቆጠርነው ብረቱ ያጣውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ በኋላ «ዲግሪ» የሚከተል ከሆነ «መጠነ ሙቀት»፣ «ጁል» የሚከተል ከሆነ «ሙቀት» ብለው ይጻፉ። በነገራችን ላይ ሁለቱን አጥርቶ የለየው የስኮትላንዱ ጆሴፍ ብላክ ሲሆን፣ ያም በ18ኛው መቶ ዘመን ነበርና መደናገሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም።

«ልዩ ሙቀት» የሚለውን አልነቅፈውም። «ልዩ» ዛሬ «እጅግ ምርጥ» ማለት ቢመስልም «ለየ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ፣ አንዱን ቁስ ከሌላው የሚለየውን ባሕርይ ለመግለጽ ይስማማል።

እኔ ብሆን ይልቅ የማርመው «ብረት» የሚለውን ነው። 5,183ን ለ200 ግራምና ብረቱ ለቀዘቀዘበት 67.6 ዲግሪ ብናካፍል፣ ለአንድ ግራም በአንድ ዲግሪ 0.38 ጁል ገደማ እናገኛለን፤ ይህም የመዳብ ልክ ነው። «ብረት» ሲባል መዳብንም አሉሚኒየምንም ከሚጠቀልለው ሰፊ ትርጉም ይልቅ ያ የሚዝገው ብረት ቀድሞ የሚታየው አንባቢ ግን 0.45 ይጠብቃል። እንግዲህ የቁሱን ስም ካወቁት በስሙ ይጥሩት፤ ገና የሚፈልጉት ከሆነም «ምንነቱ ያልታወቀ የብረታ ብረት ቁራጭ» ብለው ይጀምሩ።